ባለቤት

ነገሩ የመጣው በካኪ ፖስታ ነው። ውስጡ ከሚኒሶታ የተላከ የሞት ምስክር ወረቀት አለ፤ ማኅተም በማኅተም ላይ ተደራርቦበታል። ይዘውት ወደ ጥብቅና ቢሮዬ የመጡት የሟች እናት ናቸው። አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ሲኖሩ አርባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ወንበሩ ጫፍ ላይ ብቻ ነው የሚቀመጡት። ትንሹ ልጃቸው አብሯቸው አለ። ሟች በስሙ ያሠራውን ቤት በወራሽነት ለማዛወር ነው የመጡት። ዜግነቱን ስላልቀየረ ከዚያ በኩል ጣጣ የለም። እንዲህ ያለ ፋይል አዳማ ውስጥ በየሳምንቱ ይከፈታል። (ማንነታቸውን የሚያሳብቀውን ሁሉ ለውጫለሁ።)

ወረቀቱ ተርጓሚ ዘንድ ሄደ። በማግስቱ ከምሳ በፊት ደወለ። "አንዲት መስመር አስቸገረችኝ" አለ።

መስመሯ ሟች ሲሞት በሕይወት የነበረውን የትዳር ተጓዳኙን ስም የምትጠይቀው ናት። የእንግሊዝኛው ቃል ወንድ ይሁን ሴት አይለይም። የተሞላው ስም ግን የወንድ ስም ነው፤ ያውም የፈረንጅ ሳይሆን የእኛው አገር ሰው፣ ከነአባቱ።

## ባልም ሚስትም የማይል ቃል

"'ሚስት' ብል ሐሰት ነው፤ ፈቃዴን ይነጥቁኛል" አለኝ ተርጓሚው። "'ባል' ብል ደግሞ መዝገብ ቤቱ ውስጥ ሰው ሻዩን ትቶ ይሰበሰብበታል። 'ባለቤት' ብዬ ልለፈው?"

ስልኩን ይዤ ዝም አልኩ። አማርኛ ግሡን ሁሉ ወንድና ሴት ብሎ የሚከፋፍል ቋንቋ ነው። መጣ፣ መጣች። በላ፣ በላች። ትዳር ላይ ሲደርስ ግን አንድ ቃል ለሁለቱም ሰጥቶ ተወው፤ ባልም ባለቤት ነው፣ ሚስትም ባለቤት ናት። ያው ቃል ደግሞ ቤት ላለው፣ ንብረት ላለው ሰው የምንጠራው ነው። ካርታ ላይ ባለቤት፣ ትዳር ውስጥ ባለቤት።

ትርጉሙ ትክክል ነበር፤ ውሸት የለበትም። "በለው" አልኩት።

"አማርኛው ያሳልፈኛል" አለ፣ "ኦሮምኛው ነው የማያሳልፈኝ።" እውነቱን ነው። አዳማ የኦሮሚያ ከተማ ናት፤ የፍርድ ቤቱ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። እዚያ ባል "አባ መና" ነው፣ ሚስት "ሃዳ መና" ናት፤ የቤት አባትና የቤት እናት እንደማለት። መደበቂያ የለውም። በመጨረሻ ተርጓሚው "ከሟች ጋር በትዳር የነበረ ሰው" ወደሚል ረጅም ሐረግ ዞረ።

ትንሹ ልጃቸው ይህን ሲሰማ ሌላ ሐሳብ አመጣ፤ መስመሯ ትውጣ፣ "ያላገባ" ተብሎ ይጻፍ። ይህ አይሆንም። ተርጓሚ ያለውን ይተረጉማል እንጂ ሰነድ አያርምም፤ የተረጋገጠ ወረቀት ላይ አንድ መስመር መፋቅ ሐሰተኛ ሰነድ ነው፣ ማኅተሙም ዋጋ ያጣል። ይህን ማኅተም ለማግኘት ወረቀቱ የሚሄድበትን መንገድ ለማያውቅ ልንገረው፦ ከግዛቱ ጸሐፊ ቢሮ ወደ አሜሪካ ውጭ ጉዳይ፣ ከዚያ ዋሽንግተን ወደሚገኘው ኤምባሲያችን፣ ከዚያ አዲስ አበባ ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር። አንዱን ዘልሎ የመጣ ወረቀት ተመልሶ ይሄዳል።

## እዚያ ማዶ

ያቺ መስመር በመጣችበት አገር ምን እንደምትከፍት ልጁም እናቱም አያውቁም ነበር። ሚኒሶታ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 1 ቀን 2013 ጀምሮ ፈቅዷል። በግዛቱ ሕግ ኑዛዜ ሳይተውና ልጅ ሳይወልድ የሞተ ሰው ንብረቱ በሙሉ የትዳር ተጓዳኙ ነው፤ እናት አትወርስም፣ ወንድምም አይወርስም። ከማኅበራዊ ዋስትና የምትሰጠው 255 ዶላር የሞት ክፍያ እንኳ ለትዳር ተጓዳኝ ናት። ትዳሩ ቢያንስ 9 ወር ከቆየ ደግሞ ተጓዳኙ 60 ዓመት ሲሞላው በሟች መዋጮ ወርኃዊ ክፍያ መጠየቅ ይችላል። ትዳሩ እዚያ ባይታወቅ ኖሮ ይህ ሁሉ በቀረ ነበር።

የአሜሪካው ትልቁ ክርክር የተነሣውም በዚህችው መስመር ነው ብል የሚያምነኝ ጥቂት ነው። ጂም ኦበርገፌልና ጆን አርተር የሲንሲናቲ፣ ኦሃዮ ሰዎች ነበሩ፤ ሃያ ዓመት አብረው ኖረዋል። አርተር ጡንቻን ቀስ በቀስ የሚያሽመደምድ የነርቭ በሽታ ይዞት አልጋ ላይ ዋለ። ኦሃዮ ያኔ አያጋባም ነበር። በሐምሌ 2013 የሕክምና አውሮፕላን ተከራይተው ሜሪላንድ በረሩ፤ ባልቲሞር አውሮፕላን ማረፊያ ላይ፣ ከአውሮፕላኑ ሳይወርዱ ተጋብተው ተመለሱ። ከዚያ አንድ ጠበቃ የሞት ምስክር ወረቀት ናሙና አሳያቸው፤ አርተር ሲሞት ኦሃዮ "ያላገባ" ብሎ እንደሚሞላው፣ የኦበርገፌልም ስም መስመሯ ላይ እንደማይገባ ነገራቸው። የከሰሱት በዚህ ነው። ገንዘብ አልጠየቁም። አርተር በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ሞተ፤ ጉዳዩ ግን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘልቆ ሰኔ 26 ቀን 2015 በ5 ለ4 ድምፅ ጋብቻው በሁሉም ግዛቶች ይታወቅ ተባለ።

ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድሞ የተወሰነው የኢዲት ዊንዘር ጉዳይ የገንዘብ ነበር። በ2007 ካናዳ ያገባቻት ቲያ ስፓየር በ2009 ስትሞት፣ የፌዴራሉ መንግሥት ጋብቻውን ስለማያውቀው 363,053 ዶላር የውርስ ግብር አስከፈላት። ለባልና ሚስት ቢሆን ዜሮ ነበር። ዕውቅና የሚባለውን ነገር መንግሥት ለሰው የሚሰጠው ምርቃት አድርገን እናስበዋለን፤ ፋይል ውስጥ ሲታይ ግን በቁጥር የሚሰላ ነገር ነው።

## አንቀጽ 5

ወደ እኛው እንመለስ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ጋብቻን ለወንዶችና ለሴቶች የሚሰጥ መብት ያደርገዋል። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ሳይጋቡ አብሮ መኖርን እንኳ ሲተረጉም "ወንድና ሴት" ይላል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚፈጸምን ድርጊት በቀላል እስራት ይቀጣል። ይህን አንባቢ ስለሚያውቀው አላስረዝምም።

እኔን የሚያቆመኝ የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 5 ነው። ውጭ አገር የተፈጸመ ጋብቻ በተፈጸመበት ቦታ ሕግ ከጸና፣ የሕዝብን ሞራል እስካልተቃረነ ድረስ እዚህም ይጸናል ይላል። (ኦሮሚያ የራሱ የቤተሰብ ሕግ እንዳለው አልረሳሁም፤ የነገሩ አጥንት ግን ያው ነው።) በሩ ተከፍቶ፣ መቀርቀሪያው "ሞራል" በምትለው ቃል ላይ ተቀምጧል። የወንጀል ሕጉ ድርጊቱን እየቀጣ አንድ ዳኛ ጋብቻው ከሞራል አይቃረንም ሊል አይችልም። የውጭ ፍርድ ቤት ውሳኔ ይዞ መምጣትም አያድንም፤ የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 458 ያንኑ መቀርቀሪያ በሌላ በር ላይ ገጥሞታል።

ይህን በር ናሚቢያ ፈትሻዋለች። ደቡብ አፍሪካና ጀርመን ውስጥ የተጋቡ ሁለት ጥንዶች ለመኖሪያ ፈቃድ ሲሉ ተከራክረው፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በግንቦት 2023 በተፈጸመበት አገር የጸና ጋብቻ ለኢሚግሬሽን ጉዳይ ይታወቅ ብሎ ፈረደ። የሚገርመው ናሚቢያ ራሷ አታጋባም ነበር። ዳኞቹ የጠየቁት "ይህ ጋብቻ ጥሩ ነው ወይ" ብለው አይደለም፤ "እዚያ ጸንቷል ወይ" ብለው ነው። ፓርላማው ግን ወዲያው በሩን የሚዘጋ ሕግ ማርቀቅ ጀመረ። የፍርድ ቤት ድል ብቻውን ጣሪያ እንጂ ግድግዳ አይሆንም።

በአዳማው ፋይል ላይ ግን ምጸቱ ሌላ ነው። እዚህ ያቺ መስመር ለውርስ ምንም አትፈይድም፤ ሟች ሴት ቢያገባም ኖሮ አትፈይድም ነበር። ብዙ ሰው ሚስት ባሏን ትወርሳለች ብሎ ያምናል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ያለ ኑዛዜ የሞተን ሰው የሚወርሱት በመጀመሪያ ልጆቹ ናቸው፤ ልጅ ከሌለ ወላጆቹ፤ አንዱ ወላጅ ቀድሞ ከሞተ የእሱን ድርሻ የእሱ ልጆች ይወስዳሉ። ሚስት በዝርዝሩ ውስጥ የለችም። እሷ የምትወስደው የጋራ ሀብት ግማሿን ነው፤ እሱም የራሷ ስለሆነ እንጂ ስለወረሰች አይደለም። ሳይጋቡ አብረው የኖሩ ወንድና ሴትም 3 ዓመት ከሞላቸው ያፈሩት ሀብት የጋራ ይሆናል። ሁለት ወንዶች ሠላሳ ዓመት ቢኖሩ ሰዓቱ መቁጠር አይጀምርም።

ስለዚህ ወራሾቹ እናትና፣ ቀድሞ በሞተው አባቱ ድርሻ፣ ወንድም ነበሩ። ግማሽ በግማሽ። ይህን ማስረዳት ሃያ ደቂቃ ፈጀ።

## ሐዋላው ላይ ያለው ስም

ሳስረዳ እናትየው ዝም ብለው ነበር። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ እንግሊዝኛው ወደ እሳቸው ዞሮ ተዘርግቷል። እንግሊዝኛ አያነቡም። "እዚህ ላይ አንድ ስም አለ፣ እማማ" ብዬ ልጀምር ስል፣ እኔ ሳልናገረው ጠሩት። ስሙን ከነአባቱ፣ ከነአያቱ።

ከየት አወቁት? ከባንክ። ከውጭ የተላከ ገንዘብ ለማውጣት የምስጢር ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም፤ የላኪውን ሙሉ ስም መናገር ያስፈልጋል፤ አንድ ፊደል ከተሳሳተ ገንዘቡ አይለቀቅም። ልጃቸው በታመመባቸው ጊዜያት ሐዋላው ይመጣ የነበረው በዚህ ስም ነው። ፖስታ ቤት አጠገብ ካለው ባንክ መስኮት ላይ ቆመው ስንቴ እንደጠሩት አያውቁትም። የቆርቆሮው፣ የበርና የመስኮቱ ብረት፣ የመጨረሻው ልስን ገንዘብ በዚያ ስም ነው የወጣው። በየፋሲካውም ይደውል ነበር። "ጓደኛው" ነበር የሚሉት።

ጓደኛ፣ የትዳር ጓደኛ። አንድ ቃል ነው በመሃል የገባው።

"እንግዲህ ይሄ ሰው ቤቱ ውስጥ ብር አለው" አሉ። "ሕጉ ምን ይለዋል?"

ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይባላል፤ የጠበቃ ሥራ ግን በየቀኑ ከባለቤቱ በላይ አወቅሁ ማለት ነው። የማውቀውን ነገርኳቸው። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በምስክር አይረጋገጥም፤ ወይ ጽሑፍ ያስፈልጋል፣ ወይ ተበዳሪው ፍርድ ቤት ቀርቦ ማመን ወይም በመሐላ መጠየቅ አለበት (ቁጥር 2472)። የሐዋላ ደረሰኝ ገንዘብ መተላለፉን ያሳያል፤ ብድር ይሁን ስጦታ አይናገርም። "ያላግባብ መበልጸግ" የሚባል ክስ አለ፤ ግን ለዚያ ሰውየው ቀርቦ ለምን እንደላከ ሊያስረዳ ነው፣ የሚያስረዳውም ነገር አንቀጽ 629 ባለበት አገር ነው። ማን ይደፍራል?

"ማመን" የሚለውን ቃል ይዘው ቀሩ። "እኔ ካመንኩስ?"

እዚህ ላይ ነው ነገሩ እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ። ወራሽ የሟችን ዕዳ ማመን ይችላል፤ ዕዳ ደግሞ ከቀብር ወጪና ከውርስ ማጣሪያ ወጪ ቀጥሎ ንብረት ከመከፋፈሉ በፊት ይከፈላል። የእሳቸው እምነት ግን የሚያስረው የእሳቸውን ድርሻ ነው፤ ወንድምየው ካላመነ በእሱ ግማሽ ላይ አይሠራም። ወንድምየው መስኮት መስኮቱን እያየ ነበር። ደግሞም ብድር ነበር ወይ? "አበደረው ይሁን ሰጠው እኔ በምን አውቄ" አሉ። ያልነበረን ብድር ነበር ብሎ ማመን ደግሞ ሌላ ውሸት ነው። ሕጉ ለዚያ ገንዘብ ያዘጋጀው ስም አልነበረውም። ለባልና ሚስት ቢሆን "የጋራ" ይባል ነበር፤ አንድ ቃል፣ ያለ ደረሰኝ፣ ያለ ምስክር።

እኔ እንደማስበው ክርክሩን ከዚህ ብንጀምረው ይሻል ነበር። ሰዎች አልጋ ላይ ስላለው ይጣላሉ፤ ሁለት ሰው አሥር ዓመት ያዋጡት ገንዘብ የማን እንደሆነ ግን ማንም መልስ አያዘጋጅም።

## "ማን ናችሁ?" የማይሉ ወረቀቶች

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ሕጉ ዝምድናን ሳይጠይቅ የሚቀበላቸው ወረቀቶች አሉ፤ ላጤ ለአብሮ አደጉ፣ እህት ለእህቷ፣ ማንም ለማንም ሊያደርጋቸው ይችላል። ሟች አንዱንም አላደረገም።

ዋናው ኑዛዜ ነው። በግልጽ የሚደረገው ኑዛዜ (ቁጥር 881) በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፤ መነበቡም ቀኑም እዚያው ወረቀቱ ላይ መጻፍ አለበት፤ ተናዛዡና ምስክሮቹ ወዲያው ይፈርማሉ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ 2 ይበቃሉ። የኑዛዜዎች መቃብር "ተነበበ" የምትለው ቃል ናት፤ አራት ሰው ፈርሞበት፣ በፊታቸው መነበቡ ስላልተጻፈ ብቻ የወደቀ ስንት አለ። ምስክር መጥራት የማይፈልግ በእጁ ይጻፍ፤ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በራሱ እጅ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ጠቅሶ፣ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ቀንና ፊርማ አኑሮ። ኮምፒዩተር ላይ ተጽፎ ከሥር የተፈረመ ወረቀት ይህን ቦታ አይሞላም። ሰው የማያውቃት ወጥመድ ደግሞ ቁጥር 903 ናት፦ በእጅ የተጻፈ ኑዛዜ በ7 ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ይፈርሳል። ሳጥን ሥር የተቀመጠ ኑዛዜ ሰዓቱ እየሄደ ነው። በቃል የሚደረገውማ ከ500 ብር በላይ ስጦታ አይሸከምም፣ በ3 ወርም ይሞታል።

ልጅ ያለው ሰው ልጁን ከውርስ ሲነቅል ምክንያቱን መጻፍ አለበት፤ ወላጅንና ወንድምን ለመንቀል ግን ምክንያት አያስፈልግም። ለዚህ ነው ኑዛዜ ላይ "ስለምወደው"፣ "ስለሆነኝ" እያሉ ማብራራትን የማልመክረው። ሕጉ ያልጠየቀውን መመለስ ለተቃዋሚ የሞራል ክርክር ማቀበል ነው።

ውክልናን ሰው ከሚገባው በላይ ያምነዋል። ጠቅላላ ውክልና ንብረት ያስተዳድራል እንጂ ቤት አይሸጥም፤ ለመሸጥ፣ ለማስያዝ፣ ለመታረቅ ልዩ ውክልና መጻፍ አለበት (ቁጥር 2205)። ወካዩ ሲሞት ደግሞ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ውክልናው አብሮት ይሞታል። ሰውየው አርብ ሞቶ ሰኞ በውክልና የተሸጠ ቤት ከፍርድ ቤት አይተርፍም። ቤትን በስጦታ ማስተላለፍ ይቻላል፤ ሥርዓቱ ግን የግልጽ ኑዛዜው ነው፣ 4 ምስክርና ንባብ። ካርታ ላይ ከመጀመሪያው ሁለት ስም ማስገባት ከሁሉም ይሻላል። የሕይወት መድን ላይ ተጠቃሚ ተብሎ ስሙ የተጻፈ ሰው ገንዘቡን ከውርስ ውጭ ይወስዳል። ጡረታ ግን አይቻልም፤ ለባል ወይም ለሚስት፣ ለልጆችና ለወላጆች ብቻ ስለሆነ ማንም በፈቃዱ ስም አያስገባበትም። እድርም እንዲሁ፤ የእድር መዝገብ የሚያውቀው ባልና ሚስት፣ ልጅ፣ እናት አባት ነው። ወዳጅ የሚቀመጠው ድንኳኑ ውስጥ ከለቀስተኛ ጋር ነው።

እነዚህ ሁሉ ቢደመሩ ትዳር አይሆኑም። አንዱን የዘለለ በዚያች በዘለላት ቀዳዳ ይፈስሳል። ያገባ ሰው አንድ ፊርማ የሚፈርምበትን፣ ያላገባው በአራት መሥሪያ ቤት ደጅ ሲጠና ይከርማል።

## መስኮቱ

ፋይሉ በተከፈተ ቀን መዝገብ ቤቱ ሰው ሞልቶ ነበር። ሠራተኛው ወረቀቶቹን ቁጥር እየሰጠ ያገላብጣል፤ ማመልከቻ፣ የምስክሮች ስም፣ የቤቱ ካርታ ቅጂ፣ የሞት ምስክር ወረቀቱ ከነትርጉሞቹ። የአማርኛው ገጽ ላይ ጣቱ ቆመ። ቀና አላለም።

"ሟች ባለቤት ነበረችው እንዴ? ታዲያ እሷ አልመጣችም?"

ወንድምየው ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ ወረቀቱ።

"አልመጣም" አሉ እናትየው።

ሠራተኛው እስክሪብቶውን አንሥቶ ቀጣዩን ገጽ ገለጠ።